ጣት ያህል ክፍተት

ጓሮዬ ገደል ነው። ቤቴ ከዳገቱ ተንጠልጥሎ ቆሞ፣
በረንዳዬ ደግሞ በአራት የጽድ እግር በአየር ላይ ተጋድሞ።
ደብረ ሲና ነው ይሄ፣ ከጣርማ በር በታች፣ ጉም የሚውልበት፤
ሟቹ ባሌ የሠራው፣ ወለሉ ጣውላ ነው፣ ፀሐይ የምሞቅበት።

አምና የአቶ ላቀው ፎቅ ከጎኔ በቅሎ አንገቱን አሰገገ፤
በሦስት መስኮት ዓይኑ እኔን ከጓሮዬ ለቅሞ ፈለገ።
ሰውየው ክፉ አይደል፤ ሲያገኘኝ እጅ ነስቶ «እንደምን?» ይለኛል፤
መስኮት ግን መስኮት ነው፤ ባለቤቱ ቢተኛም እሱ አፍጥጦ ያየኛል።

ጥላዬን አስጠራሁ።
የመዘዞ ልጅ ነው፣ አናጢ፣ ከጆሮው ላይ እርሳስ የማይጠፋው፤
ሚስማር አፉ ውስጥ ይዞ፣ ካስር ቃል ዘጠኙን እዚያው የሚያጠፋው።
«ጋርድልኝ» አልኩት፤ «ከዚህ እስከዚያ ድረስ። ነፋስም አይግባ።»
«ነፋስ አይከለከል። ጣት ጣት ያህል ልተው፣ ፈቅደንለት ይግባ።»
«ለዓይን የሚበቃ ምን ክፍተት ያሻኛል? ቆርቆሮ ምታበት!
ከፋይዋ እኔ ነኝ።» ሚስማሩን ከአፉ አወጣ፤ ዝም ብሎ መታበት።

ሦስት ቀን ቆመልኝ።
በአራተኛው ሌሊት የጣርማ በር ነፋስ ቁልቁል ሲንደረደር፣
ማርሽ እንደሚቀይር ሲኖትራክ በዳገት እያጓራ ሲያድር፣
ሰማሁት፣ ሚስማሩ አንድ አንድ ሲነቀል፣ እንደ ወተት ጥርስ፤
ከዚያ አንድ ትልቅ ሳህን ከሰማይ ሲወድቅ፣ ሰፈር ሲቀሰቀስ።

ሲነጋ አቶ ላቀው ጋቢውን ተከናንቦ በሬን አንኳኳና፣
«የርስዎ ናት መሰል፣ ጎመኔ ላይ አድራ» አለኝ
ቆርቆሮዬን ጎትቶ፣ እንደ ጠፋች ጊደር ደጄ አቆመና።
አፈርኩ። ከእርሱ ልሸሽ የሠራሁት አጥር እሱው ቤት ተኝቶ!
«ካሳስ?» ብለው፣ «ይተዉት፤ ለወጥ ልቆርጠው ነበር» አለኝ ፊቱን ፈትቶ።

ጥላዬ ተመልሶ ከወለሉ በታች በሆዱ ተሳበ፤
ባትሪ በጥርሱ ነክሶ አግዳሚውን ሁሉ በጣቱ አነበበ።
«የወለል ጣውላ አይታመንም» አለኝ ከሥር ሆኖ፤ «እሱ መርገጫ ነው።
አጥር የሚታሰር ወለሉን እራሱን ከሚሸከመው ነው።»
ቋሚውን ከአግዳሚው ጎን ለጎን አስጠግቶ፣ በሁለት ፈልፍሎ፣
ዳር እስከ ዳር ዘልቆ ብሎን አሳለፈ፣ ሮንዴላ አስከትሎ፣
ዳዶውን ጠመዘዘ። አንዷ ብሎን ከላይ፣ አንዷ ከሥር ሆነች፤
«ባንድ ብሎን ያለ ይዞራል እንደ በር፤ ሁለተኛዋ ናት ቀጥ አርጋ የያዘች።»
ከታችም ውሃ እንዲወርድ አራት ጣት አስቀረ።

ጣውላ ሊደረድር ሲል ጣቱን መሃል ከቶ ቀና ብሎ አየኝ።
ዝም አልኩት።
ጣውላ፣ ጣት፤
ጣውላ፣ ጣት፤
እንዲህ ሲል መሸ።

ለእርሱም ያልነገርኩት፦
ፀጉሬ፣ ከመርፌው መልስ፣ እንደ ጤፍ አጨዳ እጄን ሞልቶ ሲወጣ፣
ከዚያ ወዲህ ሻሼ ከራሴ አልወረደም፣ ሙቀትም ቢመጣ።
ልጄም አላየችኝ።
ሐኪሙ «ፀሐይ ይሙቁ» ብሎ አዘዘልኝ እንጂ
የት ሆኜ እንደምሞቅ ማዘዣው ላይ የለም።

ጥላዬ መፍቻውን ረስቶ ኖሮ ድንገት ተመለሰ፤
ሻሼ ጭኔ ላይ ነው።
ያየኝ ይመስለኛል።
ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ጠብቆ ያለቀውን ብሎን
እንደገና አጠበቀ። ረጅም ጊዜ አጠበቀ።

ዛሬ ነፋስ አለ። አጥሩ ግን ያጉመተምታል እንጂ አይነቃነቅም፤
በየጣቱ መሃል እየሾለከ መጥቶ ራሴን ይነካኛል፤ እኔም አላባርርም።
አቶ ላቀው ከፎቁ ምን እንደሚያይ እንጃ፦
ጭረት ጭረት ፀሐይ፣ ጭረት ጭረት ሴት።
ጎመኑ አገግሟል። ትናንት በልጁ እጅ
አንድ እቅፍ ላከልኝ፣ ከነጤዛው።